የቅጂ መብትና የንግድ ምልክት፦ አድናቂዎችን የሚያጣሉ ሁለት መብቶች

አድናቂዎች ከሚወዱት ፊልም ወይም ጌም ተነስተው የሠሩት ነገር እንዲወርድ በታዘዘ ቁጥር፣ ከመሃላቸው አንዱ «ኩባንያው ምን ያድርግ? ዝም ካለ መብቱን ያጣል» ማለቱ አይቀርም። አባባሉ የሚሠራው ለንግድ ምልክት ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ግን ስለ ቅጂ መብት ሲከራከሩ ነው።

የቅጂ መብት የሚጠብቀው ሥራውን ራሱን ነው፦ ጽሑፉን፣ ሥዕሉን፣ ዜማውን። ባለቤቱ ዝም ስላለ አይሻርም። «ሬጂንግ ቡል» ለተባለው ፊልም መነሻ ነው የተባለውን ድርሰት መብት ያገኘችው የደራሲው ልጅ ፓውላ ፔትሬላ መብቱን ያሳደሰችው እ.ኤ.አ. በ1991፣ የከሰሰችው ግን በ2009 ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2014 መዘግየቷ ክሱን እንደማይዘጋባት ወሰነ፤ ወደ ኋላ ሄዳ መጠየቅ የምትችለው ግን የሦስት ዓመቱን ብቻ ነው።

የንግድ ምልክት ስምና አርማን ይጠብቃል፤ ገዢው ዕቃው የማን እንደሆነ እንዳይሳሳት። እዚህ ላይ ዝምታ ያስከፍላል። አስፕሪን በአሜሪካ የባየር ስም ነበር፤ ሕዝቡ የመድኃኒቱ መጠሪያ አድርጎ ስለያዘው በ1921 ፍርድ ቤት ባየር ስሙን ለብቻው ሊይዘው እንደማይችል ፈረደ።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሚጎዳ ደራሲዋ ኤም. ሲ. ኤ. ሆጋርዝ አይታዋለች። በ2012 መጨረሻ «ስፖትስ ዘ ስፔስ ማሪን» የተባለው መጽሐፏ ከአማዞን ወረደ። የ«ዋርሃመር 40,000» ጌም ባለቤት ጌምስ ወርክሾፕ «ስፔስ ማሪን» የንግድ ምልክቴ ነው ብሎ አመልክቶ ነበር። ታሪኬን ገለበጠች የሚል ክስ አልነበረም፤ ጠቡ በርዕሱ ላይ ነበር። መጠሪያው ደግሞ ኩባንያው ከመፈጠሩ አሥርት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በ1930ዎቹ፣ በሳይንስ ልብ ወለድ ውስጥ ይሠራበት ነበር። ክሱ በቅጂ መብት ቢሆን ኖሮ የ1998ቱ የአሜሪካ ሕግ ተቃውሞዋን አቅርባ ሥራዋ የሚመለስበትን መንገድ ያስቀምጥላት ነበር። ለንግድ ምልክት ያ መንገድ የለም። ስለዚህ ቀሪው አማራጭ ጠበቃ ነው፤ ብቻውን የሚሠራ ደራሲ ደግሞ ከየት ያመጣል? የዲጂታል መብት ተሟጋቹ ድርጅት ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ገብቶበትና አንባቢዎች ጮኸውላት መጽሐፉ በ2013 መጀመሪያ ተመለሰ። ይህ ፍትሕ የተገኘው በዕድል ነው ብዬ አምናለሁ።

በኢትዮጵያም ሁለቱ የሚዳኙት በተለያየ ሕግ ነው፤ የቅጂ መብት በአዋጅ ቁጥር 410/1996፣ የንግድ ምልክት በአዋጅ ቁጥር 501/1998። የመጀመሪያው ደራሲው ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ቆይቶ ያበቃል፤ ሁለተኛው በየሰባት ዓመቱ እየታደሰ ሊቀጥል ይችላል።

ስለዚህ ማስጠንቀቂያ የደረሰው አድናቂ ሥራውን ከማጥፋቱ በፊት ደብዳቤው የትኛውን መብት እንደሚጠቅስ ይመልከት። ሁለቱ በአንድ ገጸ ባሕርይ ላይ አብረው ሊያርፉም ይችላሉ። የ1928ቱ የ«ስቲምቦት ዊሊ» ሚኪ ማውስ ሥዕል ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ በአሜሪካ ለማንም ክፍት ነው፤ ሸሚዝ ላይ አትሞ የዲዝኒ ምርት አስመስሎ መሸጥ ግን ዛሬም ያስከስሳል።