ስለ ምድርና ስለ ሰማይ አካላት ተረተሮች

በጅቡቲ ከተማ በካርቲየ 2 የሚኖር ሰው ወደ ምዕራብ በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ቢጓዝ፣ በአብዛኛው ዓለም በጥልቅ ውቅያኖስ ሥር ተሰውሮ የሚኖረውን የምድር ተረተር በየብስ ላይ ያየዋል፤ ይኸውም የኤደንን ባሕረ ሰላጤ ወለል ለሁለት ከፍሎ የሚመጣው ተረተር በታጁራና በጉቤት አልፎ፣ ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ወደሚገኘው ወደ አሳል ሐይቅ ሲደርስ ከውኃ ስለሚወጣ ነው።

የዐረብ ምድር ከአፍሪካ ምድር በዓመት 16 ሚሊ ሜትር ያህል ሲርቅ፣ ከከርሠ ምድር የሚወጣው ትኩስ ዐለት ጫናው ስለሚቀልለት ቀልጦ ስንጥቁን ይሞላል፤ የውቅያኖስ ተረተርም ከፍ ብሎ የሚቆመው ገና ትኩስና ቀላል ስለሆነ ነው፣ እየራቀ ሲበርድ ግን ከብዶ ዝቅ ይላል። መራራቁም በየዓመቱ በእኩል አይፈጸምም፤ በ1971 ዓ.ም. በጥቅምት መጨረሻ አርዱኮባ የተባለው እሳተ ገሞራ ለአንድ ሳምንት ያህል ሲፈስስ ስምጡ 2 ሜትር ገደማ ሰፋ፣ ይህም ከመቶ ዓመት የሚበልጥ ዕዳ ባንድ ጊዜ እንደ መክፈል ነው። በ1998 ዓ.ም. መስከረም ደግሞ በአፋር፣ በዳባሁ አጠገብ፣ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ስንጥቅ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ።

ይህን አይቶ ተረተር ሁሉ ከመለያየት ይወለዳል ብሎ የሚፈርድ ግን ይሳሳታል። ጨረቃ አምስት ስድስት ሌሊት ካደረች በኋላ፣ የብርሃኗንና የጨለማዋን ድንበር በትንሽ ቴሌስኮፕ ለሚመረምር፣ ማሬ ሴሬኒታቲስ በሚባለው ጥቁር ሜዳ ላይ ዝቅተኛ ጠመዝማዛ ተረተር ይታየዋል፤ ሜዳውን የሞላው ጥንታዊ ላቫ ረግቶ በገዛ ክብደቱ ሲሰምጥ ገጹ ስለ ጠበበ፣ ዐለቱ ተጨምቆ ተሰነጠቀና አንዱ ንጣፍ በሌላው ላይ ወጣ። ፀሐይ ከፍ ስትል ጥላው ስለሚጠፋ ተረተሩም አብሮ ይሰወራል፤ ሙሉ ጨረቃ ለዘፋኝ እንጂ ለመርማሪ አትመችም።

ዓጣርድ፣ ማለት ሜርኩሪ፣ ከዚህም የባሰ መጨመቅ ደርሶባታል። ውስጧ እየበረደ ሲሄድ መላ አካሏ ስለ ኰሰሰ፣ ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. ሲዞራት የነበረው የሜሴንጀር መንኰራኵር ባነሣው ሥዕል የተመራመሩ ሊቃውንት፣ ከመካከሏ እስከ ገጿ ያለው ርቀት እስከ 7 ኪሎ ሜትር እንዳጠረ ገምተዋል፤ የቆዳዋም ትርፍ ገደላማ ተረተር ሆኖ ይታያል።

ከዙሐል፣ ማለት ከሳተርን፣ ጨረቃዎች አንዷ የሆነችው፣ ይልቁንም በበረዶ የተሠራችው ኢያፔተስ፣ በወገቧ ዙሪያ ከፍታው እስከ 20 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ተረተር አላት። አንዳንዶች ቀድሞ ይከባት የነበረ ቀለበት ወድቆባት ነው ይላሉ፤ ሌሎች ከውስጧ የተገፋ ነው ብለው ይሟገታሉ።