ለጠባብ ጠረጴዛ የሚሆን ድምፅ ማጉያ

ወታደር በግዳጅ ምክንያት ከቤቱ ሲርቅ ከእርሱ ዘንድ ቀድሞ ለቤተሰቡ የሚደርሰው ቃሉ ነው። ቃሉ ቀድሞ በደብዳቤ ይመጣ ነበር፤ ዛሬ በስልክ ተቀርጾ ይመጣል። ደብዳቤ ቢደበዝዝ ወደ መስኮት አስጠግተን እናነበዋለን። ድምፅ ሲደበዝዝብን ግን ብዙዎቻችን የምናውቀው መላ ማጉላት ብቻ ነው፤ የጎላ ሁሉ የጠራ አለመሆኑን የምንረዳውም ብዙ ጊዜ ነገር ከተበላሸ በኋላ ነው። ስለዚህ በዛሬው የቤተሰብ ዓምዳችን በጠባብ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን የኮምፒዩተር ድምፅ ማጉያ እንዴት እንደምንመርጠውና የት እንደምናስቀምጠው ለመነጋገር ተነሥተናል።

ጉዳዩን በቅርብ ያየነው በካርቱም ነው። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ከዳርፉር የሰላም ማስከበር ግዳጅ ስንመለስ በዚያች ከተማ ጥቂት ቀናት አሳልፈን ነበር። ኢትዮጵያውያን በብዛት ይኖሩበት በነበረው በዴም ሰፈር አንዲት እህታችን ቡና ጠርታን ወደ ቤቷ ገባን። ቤቱ አንድ ክፍል ነው። በመስኮቱ ሥር ያለችው ጠረጴዛ ወርዷ አንድ ሜትር፣ ጥልቀቷ ግማሽ ሜትር ቢሆን ነው፤ በላይዋ ግን ኮምፒዩተሩም፣ የልብስ ስፌት መኪናውም፣ የሁለቱ ልጆች ደብተርም ተደርድረዋል። ባለቤቷ በፖርት ሱዳን መንገድ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። ማታ ማታ ቃሉን በስልክ ቀርጾ ይልክላታል፤ እርሷም ልጆቹ የአባታቸውን ድምፅ በአንድነት እንዲሰሙ በኮምፒዩተሩ ድምፅ ማጉያ ታሰማቸዋለች።

ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ እንዲህ ስትል አጫወተችን። «ወንድሞቼ፣ ይህ ዕቃ አንድ ጊዜ ከባለቤቴ ጋር አጣልቶኛል። የቤት ኪራይ ደርሶብኝ ሳለ ከስድስት ሳምንት በኋላ እመጣለሁ ያለኝ መሰለኝ። ቀለበቴን ለጎረቤት አስይዤ ከፈልሁ። እርሱ ግን በሦስተኛው ሳምንት ኪራዩን ይዞ ከች አለ። ነግሬሽ አልነበረም ወይ አለኝ፤ ስድስት ነው ያልኸኝ አልሁት። ቀለበቱስ ተመልሷል፤ ቅያሜው ግን እስከ ዛሬ አልወጣልንም።»

የተቀረጸውን ቃል እንድታሰማን ለመንናት። በእውነቱ እኛም «ስድስት» ብለን ሰማን። ከዚያ በኋላ ዐይናችንን ወደ ድምፅ ማጉያዎቹ መለስን። አንደኛው ከስፌት መኪናው በስተኋላ፣ በግድግዳው ማዕዘን ተወሽቋል። ሁለተኛው ቦታ አጥቶ ከአልጋው ሥር መሬት ላይ ተቀምጧል። የመጡበት ካርቶን ገና አልተጣለም ነበር፤ በላዩ ላይ በትልቁ «1200 ዋት» ተብሎ ተጽፎበታል።

ካርቱምና ድምፅ ማጉያ የቆየ ትውውቅ አላቸው። በ1932 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1940) የሱዳን ራዲዮ ከዓባይ ማዶ በኦምዱርማን፣ በፖስታ ቤቱ ውስጥ ከነበረች አነስተኛ ክፍል ሥራውን ሲጀምር፣ በየቤቱ ራዲዮ ያለው ሰው ጥቂት ስለ ነበር ሕዝቡ ዜናውን የሚሰማው በየአደባባዩ በተሰቀሉ ድምፅ ማጉያዎች ነበር። በዚያው ዓመት ክረምት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ካርቱም ገብተው ወደ አገራቸው የሚመለሱበትን ዘመቻ ያዘጋጁ ነበር። በዚያች ከተማ የእንግሊዝን የቅስቀሳ ክፍል ይመራ የነበረው ጋዜጠኛው ጆርጅ ስቲር በአማርኛ የተጻፉ ወረቀቶችን ከማሳተሙም በላይ፣ በ1933 ዓ.ም. በከረን ውጊያ ጊዜ በጣሊያን ሥር የተሰለፉት ወታደሮች እንዲከዱ በድምፅ ማጉያ አስጠርቷል። የአደባባዩ ድምፅ ማጉያ ከፍ ብሎ፣ ፊቱን ወደ ሰሚው አድርጎ ይሰቀል ነበር። በዴም ሰፈር የጎደለው ይኸው ነበር።

ስለ አመራረጥ

በመጀመሪያ በካርቶን ላይ የሚጻፈውን የዋት ቁጥር እንመርምር። ብዙዎቹ አነስተኛ ድምፅ ማጉያዎች ኃይላቸውን የሚያገኙት ከኮምፒዩተሩ የዩኤስቢ ቀዳዳ ነው። የተለመደው ዩኤስቢ 2.0 የሚሰጠው 5 ቮልት በግማሽ አምፔር፣ ማለት 2.5 ዋት ነው። ሁለት ዋት ተኩል የገባበት ዕቃ 1200 ዋት ሊያወጣ አይችልም፤ አንድ ጣሳ እህል አስፈጭቶ ኩንታል ዱቄት ማግኘት እንደማይቻል ሁሉ ማለት ነው። እውነተኛው መለኪያ መሣሪያው ሳያቋርጥ የሚሰጠው ኃይል ሲሆን፣ «አር ኤም ኤስ» በሚል ምልክት ይጻፋል። «ፒ ኤም ፒ ኦ» ተብሎ የሚጻፈው ትልቅ ቁጥር ግን ለገበያ ማድመቂያ ነውና አይግዛን።

ደግሞም ኃይሉ እጥፍ ቢሆን ድምፁ እጥፍ አይሆንም። እጥፍ ኃይል የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ሲሆን፣ ይህም በጆሮ ለይቶ ለማወቅ ያህል እንጂ ብዙ አይደለም። ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ኃይሉ ዐሥር ጊዜ ያህል መብለጥ አለበት። በክንድ ርቀት ተቀምጦ የሰው ቃል ለሚሰማ ቤተሰብ ሁለትና ሦስት እውነተኛ ዋት ይበቃል።

ወደ ገበያ ስንወጣ ሻጩ በመረጠው ሙዚቃ አንፈትን። በስልካችን የባለቤታችንን ወይም የልጃችንን ቃል ይዘን ሄደን እርሱን እናሰማ። «መጣ» እና «መታ»፣ «ቆዳ» እና «ኮዳ» የሚሉትን ቃላት ራሳችን ቀርጸን እናዳምጥ። የሚለያያቸው አንዲት ቀጭን፣ ቅጽበታዊ ድምፅ ናት፤ እርሷን አጥርቶ የማያሰማ ዕቃ ቢያስገመግምም ለቤታችን አይጠቅምም። «አለ» የሚለውን ቃል አላልቶም አጥብቆም የሚናገር ሰው ቢኖር ደግሞ ይበልጥ ያማረ ፈተና ነው፤ ፊደላችን የማይለየውን ጆሮ ይለየዋልና።

ለጠባብ ጠረጴዛ የጠረጴዛውን ወርድና ጥልቀት በክር ለክቶ መሄድም ይገባል። ከኋላው የድምፅ መውጫ ቀዳዳ ያለው ዓይነት ከግድግዳ መራቅን ይፈልጋል፤ ስለዚህ ለእኛ ቤት ቀዳዳው በፊት ለፊት ያለው ወይም ጨርሶ የሌለው ይሻላል። ከጠረጴዛ ሥር የሚቀመጠውን የወፍራም ድምፅ ሣጥን ደግሞ፣ ለንግግር የሚጨምረው ጥቂት፣ ጎረቤትን የሚያውከው ብዙ ስለሆነ፣ ቢቀር ይመረጣል።

ስለ አቀማመጥ

ወፍራም ድምፅ እንደ ጢስ ነው፤ በሁሉም አቅጣጫ ይሄዳል። ግድግዳ ሲያገኝ ተመልሶ ከራሱ ጋር ይደመራል። በማዕዘን ውስጥ ሁለት ግድግዳና የጠረጴዛው ገጽ ተጋግዘው ያናፉታል። ቀጭን ድምፅ ግን እንደ እጅ ባትሪ ብርሃን ፊት ለፊት ይሄዳል፤ የስፌት መኪና ወይም የአልጋ ልብስ ቢጋርደው ይቀራል። በካርቱሟ ክፍል የሆነው ይኸው ነበር። «ሦስት» እና «ስድስት» የሚለዩባቸው ቀጫጭን ድምፆች ተጋርደው ቀሩ፤ ጉርምርምታው ብቻ ደረሰ። ድምፁን ባጎላችው መጠን የሚጨምረው ጉርምርምታው ነበር።

መፍትሔው ገንዘብ አልጠየቀም። የስፌት መኪናውን ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ገፋነው። ሁለቱን ድምፅ ማጉያዎች ከኮምፒዩተሩ ግራና ቀኝ አድርገን ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል አራቅናቸው። በመካከላቸው ያለው ርቀት ከእያንዳንዳቸው እስከ ሰሚው ራስ ካለው ርቀት ጋር እኩል እንዲሆን ተጠነቀቅን፤ በዚያች ጠረጴዛ ይህ 70 ሳንቲ ሜትር ያህል መጣ። ፊታቸውንም ጥቂት ወደ ውስጥ፣ ወደ ሰሚው መለስነው።

ቀጥሎ ከፍታቸውን ተመለከትን። ድምፅ ማጉያ ዝቅ ብሎ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ድምፁ ከጠረጴዛው ገጽ ነጥሮ ከዋናው ጥቂት ዘግይቶ ጆሮ ይደርሳል፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ንግግሩ የታፈነ ይመስላል። በእያንዳንዳቸው ሥር በወፍራም ጨርቅ የተጠቀለለ አንዳንድ ጡብ አስገብተን፣ ፊታቸው ወደ ተቀማጩ ጆሮ ቀና እንዲል አደረግን። ጨርቁ ሌላም ጥቅም አለው፤ የድምፅ ማጉያው ንዝረት ወደ ጠረጴዛው እንዳይተላለፍና ብርጭቆ እንዳያንቀጫቅጭ ይከላከላል።

ጠረጴዛው ለሁለት የማይበቃ ከሆነስ? ለንግግር አንድ በደንብ የተቀመጠ ድምፅ ማጉያ ከሁለት በየማዕዘኑ ከተወሸቁ ይበልጣል። ይህን ስናደርግ ግን በኮምፒዩተሩ የድምፅ ማስተካከያ ውስጥ ግራና ቀኙ በአንድነት እንዲወጡ ማዘዝ ያስፈልጋል፤ ይህ «ሞኖ» ይባላል። ያለዚያ በአንድ ወገን የተቀረጸው ቃል ሊቀርብን ይችላል።

ስለ አቧራና ስለ መብራት

ካርቱም ሀቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል የሚነሣባት፣ በግንቦትና በሰኔ ሙቀቷ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍ ከተማ ናት። እህታችን ድምፅ ማጉያዎቿን በስስ ጨርቅ ትሸፍን ነበር፤ ሥራዋ መልካም ነው። ሲሠሩ ግን ጨርቁ መነሣት አለበት፤ ቀጭኑን ድምፅ ያፍናል፣ በውስጣቸው ያለው ማጉያም ሙቀቱን የሚያስወጣበት ያጣል። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ መጥረግ እንጂ በኃይል መንፋት የወረቀቱን ሽፋን ሊቀድደው ይችላል። መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን መንቀል፣ ሲመጣም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማብራት ዕድሜያቸውን ያረዝማል።

ስለ ጎረቤትና ስለ ጆሮ

በካምፕ የምንኖር ቤተሰቦች ግድግዳ እንጋራለን። ከወዲያ ማዶ የተኛው ጎረቤታችን ሌሊቱን ጥበቃ ላይ አድሮ የገባ ወታደር ሊሆን ይችላል። በግድግዳ የሚያልፈውም በይበልጥ ያው ወፍራሙ ድምፅ ነው። በአየር ላይ ርቀት በግማሽ ሲቀንስ ድምፅ እስከ 6 ዴሲቤል ይጨምራል፤ ስለዚህ ድምፅ ማጉያውን ወደ ራሳችን ያቀረብነው እንደሆነ ቁልፉን ዝቅ አድርገን ያንኑ ያህል እንሰማለን፤ ጎረቤትም ያርፋል።

ጆሮም ዕረፍት ይሻል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት እስከ 40 ሰዓት 80 ዴሲቤል፣ ለልጆች ደግሞ 75 ዴሲቤል ወሰን አድርጎ ይመክራል፤ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በተኩስ ልምምድ ጆሮው የደከመ ወታደር ቀድሞ የሚያጣው ቀጭኑን ድምፅ ነውና፣ ቤቱ ገብቶ ቁልፉን ሲያጎላ ለልጆቹ ጆሮ ያስብ። ለእርሱ የሚበጀው ወደ ድምፅ ማጉያው መቅረብ ነው።

በዴም ሰፈር ሁሉን ካስተካከልን በኋላ ያንኑ ቃል እንደገና አሰማን። «ከሦስት ሳምንት በኋላ እመጣለሁ፤ ስለ ኪራዩ አታስቢ» ይላል። እህታችን ረከቦቱን ወደ ጎን አድርጋ ዝም አለች። ከዚያም «ለካስ እርሱ አላጠፋም ኖሯል» አለችና ስልኳን አንሥታ ወደ ውጭ ወጣች። ምን እንዳለችው አልሰማንም፤ ስትመለስ ግን ሦስተኛውን ቡና በፈገግታ ቀዳችልን።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሣ ያ ቤተሰብ ከብዙዎች ጋር በመተማ በኩል ወደ አገሩ ገባ። ድምፅ ማጉያዎቹ ከጠረጴዛው ላይ ቀሩ፤ የአባት ቃል የተቀረጸበት ስልክ ግን በእናት ጉያ መጣ። ኋላ አዲስ አበባ ውስጥ ስንጠይቃቸው ጠረጴዛቸው ከበፊቱም የጠበበች ነበረች። በላይዋ አንድ ትንሽ ድምፅ ማጉያ፣ በጨርቅ በተጠቀለለ ጡብ ላይ፣ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ርቆ ተቀምጧል።

እንግዲህ እናንተም ዛሬ ማታ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ያላችሁን ከማዕዘኑ አውጡት፣ ከፍ አድርጉት፣ ፊቱንም ወደ እናንተ መልሱት። ከዚያ በኋላ በግዳጅ ላይ ያለው ሰው የላከውን ቃል እንደገና ስሙ፤ ምናልባት እስከ ዛሬ ያልሰማችሁት ነገር ይኖርበታል።