የብስክሌት ፍሬንና የዓባይ ቁልቁለት
(በራዲዮ ከተነገረ ትምህርታዊ ንግግር)



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደብረ ማርቆስ የተጓዘ ሰው ሁሉ፤ ጎሐ ጽዮንን አልፎ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ጆሮው እንደሚደፈንና የደጋው ብርድ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ወደ ቆላ ሙቀት እንደሚለወጥ ያስታውሳል። ወንዙን ተሻግሮ የማዶውን ዳገት ከወጣ በኋላ በጎጃም በኩል የሚቀበለው ከተማ ደጀን ነው። ደጀን ከባሕር ወለል በላይ ከ2400 ሜትር ከፍ ብሎ ይገኛል። ከዚያ ተነሥቶ በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. እስከተመረቀው የሕዳሴ ድልድይ ድረስ፤ 20 ኪሎ ሜትር ያህል በሆነው ጠመዝማዛ መንገድ፤ ከ1300 ሜትር የሚበልጥ ቁልቁለት ይወረዳል።

ይህን ቁልቁለት የከባድ መኪና ነጂ የሚወርደው በፍሬኑ ብቻ አይደለም፤ ማርሹን ቀንሶ፤ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ወደ ኋላ እንዲይዝለት አድርጎ ነው። ብስክሌት ግን ሞተር የለውም። የብስክሌተኛው ሕይወት ያለው በሁለት ቀጫጭን የብረት ሰሌዳዎችና በእጁ ጣቶች ላይ ነው። ዛሬ ልንነግራችሁ የተነሣነው ስለ እነዚህ ሰሌዳዎች ልክና ስለሚይዛቸው መሣሪያ መቀመጫ ነው። ነገሩ የመካኒክ ጉዳይ ብቻ ቢመስልም፤ ለልጁ ወይም ለራሱ ያገለገለ ብስክሌት የሚገዛ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነው፤ ገበያ ላይ ከሚቀርቡት ብስክሌቶች ብዙዎቹ ዛሬ ባለ ዲስክ ፍሬን ናቸውና።

በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ ላይ እነ ገረመው ደንቦባ ኢትዮጵያን ወክለው ሲወዳደሩ የብስክሌት ፍሬን የሚይዘው ቸርኬውን ነበር፤ ሁለት የጎማ ቁራጮች ቸርኬውን ከግራና ከቀኝ ይጫኑታል። የዲስክ ፍሬን አሳብ ግን ከዚያ የቆየ ነው። እንግሊዛዊው ፍሬደሪክ ላንቸስተር በ1902 እ.ኤ.አ. ለአውቶሞቢል የባለቤትነት መብት አውጥቶበታል፤ በ1953 እ.ኤ.አ. ደግሞ በፈረንሳይ አገር በለ ማን ውድድር ያሸነፈው የጃጓር መኪና ዲስክ ፍሬን የተገጠመለት ስለ ነበረ ዓለም ሁሉ ጥቅሙን ተረዳው። ወደ ብስክሌት በሰፊው የገባው ከዚያ አርባ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው።

አሠራሩ ይህ ነው። በተሽከርካሪው እግር መካከል ባለው ሞዞ ላይ ቀጭን የብረት ዲስክ ይታሠራል፤ ከእግሩም ጋር አብሮ ይዞራል። በቴላዮው ወይም በፊት ሹካው ላይ ደግሞ ካሊፐር የሚባል መያዣ ይቀመጣል፤ በውስጡ ሁለት የፍሬን ሸራዎች አሉት። የእጅ መጫኛው ሲጨበጥ ሸራዎቹ ዲስኩን ከሁለት ወገን ይጨብጡታል። ጭቃና ውኃ ቸርኬውን ቢያለብሱት እንኳ ዲስኩ ከመሬት ራቅ ያለ ስለ ሆነ ፍሬኑ እምብዛም አይሰንፍም።

ፍሬን ኃይልን አያጠፋም፤ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል እንጂ። ነጂውና ብስክሌቱ በአንድነት 90 ኪሎ ግራም ቢመዝኑና 1300 ሜትር ቢወርዱ፤ የሚለቀቀው ኃይል 3 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃን አፍልቶ ይተርፋል። ከዚህ ነፋሱ የራሱን ድርሻ ይወስዳል፤ ጎማውም ጥቂት ይወስዳል፤ የቀረው ሁሉ በሁለቱ ዲስኮች ላይ ይወድቃል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ አንድ ሰዓት ሙሉ ቢወርድ፤ በመንገዱ ሁሉ የሚለቀቀው ሙቀት ባለ 60 ዋት የሆኑ አምስት የድሮ አምፖሎች ሳያቋርጡ ከሚሰጡት ጋር ይተካከላል። እንግዲህ ይህን ሙቀት የሚሸከመው ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ ብረት መሆኑን አስቡ።

ስለዚህ የዲስኩ ስፋት ትርጉም አለው። በብዛት የሚገኙት ልኮች 160፣ 180 እና 203 ሚሊ ሜትር ናቸው። ዲስክ በሰፋ ቍጥር ሙቀት የሚቀበለውና ለአየር የሚሰጠው ብረት ይበዛል። ደግሞም ሸራው ዲስኩን የሚጨብጠው ከመካከሉ ርቆ ስለ ሆነ፤ በረጅም እንጨት ድንጋይ እንደሚፈነቅል ሰው፤ በዚያው በእጅ ጉልበት የበለጠ ይይዛል፤ 180ው ከ160ው ስምንት እጅ አንድ ያህል፤ 203ው ደግሞ ከሩብ በላይ ይበልጣል።

ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያውስ ትልቁን ገዝቼ እገጥማለሁ» ይል ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። ደጀን የሚኖር የእኅቴ ልጅ አለ፤ ያገለገለ የተራራ ብስክሌት አለው። ባለፈው ዓመት ልጠይቀው ስሄድ ስጦታ ይሁነው ብዬ ባለ 180 ዲስክ ገዛሁለት፤ ነባሩ 160 ነበር። ሻጩን ምንም አልጠየቅሁትም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ዲስኩ በሞዞው ላይ በስድስት ብሎኖች በሚገባ ተቀመጠ፤ እግሩን ወደ ሹካው ስንመልሰው ግን የዲስኩ ጠርዝ ከካሊፐሩ ሆድ ጋር ተጋጭቶ አልገባም አለ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ዲስኩ በ20 ሚሊ ሜትር ሲሰፋ ጠርዙ ከመካከሉ በ10 ሚሊ ሜትር ይርቃል፤ ካሊፐሩም ያንኑ ያህል መራቅ አለበት። ለዚህ ተብሎ የተሠራ አዳፕተር የሚሉት ማጋጠሚያ ብረት አለ፤ እኔ ግን መኖሩን አላወቅሁም። የእኅቴ ልጅ ደግሞ ብልኅ ነኝ ባይ ነውና፤ በማግሥቱ ከአንድ ጋራዥ ሮንዴላ ለቃቅሞ በካሊፐሩና በመቀመጫው መካከል እንደ እንጀራ ደራረበው። ስደርስ በግቢው ውስጥ ካለ ትልቅ ድንጋይ ላይ ወጥቶ፤ ፊተኛውን እግር አንሥቶ፤ በኋለኛው ብቻ ይዘላል፤ ደግሞም በፊተኛው ላይ ይቆማል። ይህን በስልክ ከሚታዩ ፊልሞች የተማረው ነው። «ጋሼ፣ ይይዛል እኮ!» አለኝ።

እውነትም ይይዝ ነበር። ነገር ግን ድንጋይ ላይ መያዝና የዓባይን ቁልቁለት መያዝ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ልጁ የሚጫወተው ጨዋታ በውጭ አገር ትራያል የሚባል የታወቀ ስፖርት ነው፤ ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮም የዓለም ሻምፒዮና ይደረግበታል። ተወዳዳሪው እግሩን መሬት ሳያስነካ በድንጋይና በግንድ ላይ እየዘለለ ያልፋል። የሚጠቀምበት ብስክሌት ትንንሽ እግር ያለው፤ ብዙ ጊዜም መቀመጫ የሌለው ነው። የትራያል ፍሬን የሚፈለግበት እግሩን በቅጽበት ጨብጦ አንዲት ጣት ሳያንሸራትት መያዝ ነው፤ ጉዞ ስለሌለ ሙቀቱ ከቍጥር አይገባም። እንዲያውም ብዙዎቹ የትራያል ሰዎች እስከ ዛሬ በኋለኛው እግር ላይ ቸርኬ የሚይዘውን የዘይት ፍሬን ይወዳሉ፤ ማጉራ የተባለው የጀርመን ፋብሪካ ይህን ዓይነት ፍሬን በ1987 እ.ኤ.አ. አውጥቷል። እንዳያንሸራትት ሲሉም ቸርኬውን በሞላ ሆን ብለው ይሞርዱታል። ትንሽ እግር ደግሞ ያንኑ ዲስክ የበረታ ያደርገዋል፤ በ26 ኢንች እግር ላይ 160 የሆነ ዲስክ፤ በ20 ኢንች እግር ላይ ሲሆን መሬቱን የሚይዝበት ኃይል በሦስት እጅ አንድ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ለትራያል ብስክሌት 160 ብዙ ጊዜ ይበቃል። ቴላዮውም ከኋላ አጭርና ጠባብ ስለ ሆነ፤ ሰፊ ዲስክ ቢገጠምለት ከቧንቧው ጋር ሊተሻሽ ይችላል።

ወደ ሮንዴላዎቹ እንመለስ። የካሊፐሩ ብሎን ርዝመቱ የተቈረጠው ለነበረበት ቦታ ነው። ከሥሩ 10 ሚሊ ሜትር ሮንዴላ ሲደረደር፤ ከብሎኑ ጥርስ ውስጥ በመቀመጫው ፊሌት የሚነክሰው ሁለት ሦስት ብቻ ይቀራል። በግቢ ውስጥ ለአንድ አፍታ ይይዝ ይሆናል። ከደጀን በታች ግን በየመታጠፊያው እየተጎተተ፤ እየጋለና እየተንቀጠቀጠ ሲቆይ፤ ጥርሱ ተልጦ ካሊፐሩ ይነቀላል፤ ወደሚሽከረከረው እግር ውስጥም ይገባል። ይህን ሳስበው ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አዳፕተር ለመግዛት የካሊፐሩን መቀመጫ ዓይነት ማወቅ ያስፈልጋል። በተራራና በትራያል ብስክሌት ላይ በብዛት የሚገኙት ሁለት ናቸው። አንደኛው ኢንተርናሽናል ስታንዳርድ የሚባለው ነው፤ በእርሱ ላይ ያሉት ሁለት ቀዳዳዎች ጥርስ የላቸውም፤ እርስ በርሳቸው በ51 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ፤ ብሎኑም ከጎን፤ በሞዞው ዘንግ አቅጣጫ ይገባል። ሁለተኛው ፖስት ማውንት ይባላል፤ ሁለት ጉጦች ወጣ ወጣ ብለው ይታያሉ፤ በውስጣቸው ፊሌት አላቸው፤ ርቀታቸው 74 ሚሊ ሜትር ነው፤ ብሎኑም የሚገባው በእግሩ መዞሪያ አቅጣጫ ነው። ማስመሪያ ይዞ የሚለካ ሰው አይሳሳትም።

ፖስት ማውንት ሲሆን ሌላ ጥያቄ ይከተላል፤ ይኸውም መቀመጫው ያለ አዳፕተር የተሠራው ለየትኛው ዲስክ ነው? የሚል ነው። አንዳንዱ ለ160፤ አንዳንዱ ለ180 ነው። ከዚያ በላይ በአዳፕተር መውጣት ይቻላል፤ ከዚያ በታች መውረድ ግን አይቻልም። ኢንተርናሽናል ስታንዳርድ ሲሆን ደግሞ የፊቱና የኋላው መቀመጫ አንድ አይደለም፤ በፊት 180 የሚያስገጥመው አዳፕተር ያው ራሱ በኋላ 160 ያስገጥማል። በአዳፕተሩ ላይ ኤፍ የሚለው የፈረንጅ ፊደል የፊት፤ አር የሚለው የኋላ ምልክት ነው። ይህን ያላነበበ ሰው የፊቱን ልክ ለኋላ ገዝቶ ይመለሳል። 200 እና 203 የሚባሉትንም እንደ አንድ መቍጠር አይገባም፤ የሦስቱ ሚሊ ሜትር ልዩነት ካሊፐሩን በአንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ያዛንፈዋል፤ ሸራውም በከፊል ከዲስኩ ጠርዝ ውጭ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ሹካውና ቴላዮው እስከ ስንት ሚሊ ሜትር ዲስክ እንደሚችሉ ፋብሪካው የወሰነውን ጠይቁ። ለ180 የተፈቀደ ሹካ ላይ 203 መግጠም፤ ጋሪ እንዲስብ የለመደውን በቅሎ ወፍጮ ድንጋይ እንደ ማሸከም ነው። ዲስኩ ከሞዞው ጋር የሚታሠርበትም መንገድ ሁለት ነው፤ ወይ በስድስት ብሎን፤ ወይም ሴንተርሎክ በሚባለው ባለ ጥርስ ማሠሪያ ነው።

ለደጀንና ለመሰል ከተሞች ነዋሪ አንድ ነገር ለይቼ እናገራለሁ። የዘይት ፍሬን ሲጎድልበት ከጋራዥ የመኪና ፍሬን ዘይት ቀድቶ መጨመር የሚያስጎመጅ ነገር ነው፤ የከባድ መኪና መንገድ ላይ ነንና ዘይቱ አይጠፋም። ነገር ግን እንደ ሺማኖና እንደ ማጉራ ያሉት ፍሬኖች የሚሠሩት በማዕድን ዘይት ነው። የመኪናው ፈሳሽ ከገባባቸው በውስጥ ያሉት የጎማ መዝጊያዎች አብጠው ይበላሻሉ፤ ፍሬኑም ያለ ማስጠንቀቂያ እምቢ ይላል። የትኛው እንደሚገባ በእጅ መጫኛው ላይ ተጽፎ ይገኛል።

የእኅቴ ልጅ ጕዳይ እንዲህ ሆነ። ሮንዴላዎቹን አስወጣሁት፤ አዲስ አበባ ተመልሼ ለ160 ፖስት ማውንት የሚሆን፤ 20 ሚሊ ሜትር የሚጨምር አዳፕተር ከነረጃጅም ብሎኖቹ ገዝቼ ላክሁለት። ገጥሞ ሲጨርስ የፊተኛውን እግር ማጥበቂያ አጥብቆ እንዲያሥር አዘዝሁት፤ የዲስክ ፍሬን በብርቱ ሲያዝ የሞዞውን ዘንግ ከሹካው ወደ ታች የመግፋት ጠባይ አለውና። የዲስኩንም ውፍረት አስለካሁት፤ በዲስኩ ላይ የተቀረጸው ዝቅተኛ ልክ 1.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን የእርሱ 1.8 ነበር። በቁልቁለቱም ላይ ፍሬኑን ጨብጦ እንዳይቆይ፤ ይልቁንም ከመታጠፊያው በፊት አጥብቆ ይዞ ወዲያው እንዲለቅ፤ በየጥቂት ኪሎ ሜትሩም ወርዶ ዲስኩን እንዲያሳርፍ፤ በጋለበትም ሰዓት እንዳይነካውና ውኃ እንዳያፈስበት መከርሁት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ድልድዩ አጠገብ ሆኖ ደወለልኝ። አራት ጊዜ አርፎ ወርዷል፤ ፍሬኑም እንደ ጧቱ ነው አለኝ። ዳገቱን ግን እንዴት ልትመለስ ነው ብዬ ብጠይቀው፤ ወደ ደጀን የሚወጣ የጭነት መኪና እየለመነ መሆኑን ነገረኝ።