ባህልን በክርክር ማወቅ፦ የክፍል ክርክርን እንዴት እንጠቀምበት?



አዲስ ተማሪ ግቢ ሲገባ ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከሐረር፣ ከወላይታና ከጎንደር ከመጡ ልጆች ጋር በአንድ ዶርም ያድራል። ብዙ ሳይቆይ «እናንተ ዘንድ እንዴት ነው?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው መልካም ነው። ችግሩ ወሬው ቶሎ «የእኛ ይሻላል» ወደሚል መዞሩ ነው። ከዚያ ቀልድ ይመጣል፤ ከቀልዱ ቅያሜ ይወለዳል፤ ቅያሜውም አንዳንዴ ከዶርሙ አልፎ ይወጣል። በሶሻል አንትሮፖሎጂ ኮርስ ላይ ባህሎችን በክርክር ስናነጻጽርም ይኸው አደጋ አለ። በሥርዓት ከተመራ ግን የክፍል ክርክር ከሌክቸር የማናገኘውን ይሰጠናል። ሌክቸር አንድ ሕዝብ ምን እንደሚያደርግ ይነግረናል፤ ክርክር ግን ለምን እንደሚያደርገው እንድንፈልግ ያስገድደናል።

መሠረቱ

በሱረቱል ሑጁራት 13ኛ አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ) ሕዝቦችና ጎሳዎች ያደረገን እንድንተዋወቅ መሆኑን ይነግረናል። በሱረቱ ነሕል 125ኛ አንቀጽ ደግሞ ስንከራከር መልካም በሆነው መንገድ እንድንከራከር ታዘናል።

ከሊቃውንት የአል-ቢሩኒ ሥራ ጥሩ አርአያ ነው። እ.ኤ.አ. በ973 በኸዋሪዝም የተወለዱት እኚህ ዓሊም ስለ ሕንዶች እምነትና ልማድ ሰፊ መጽሐፍ ጽፈዋል። ለዚህም ሳንስክሪት ተምረዋል፤ የአገሩን ሊቃውንት ጠይቀዋል። በመግቢያቸውም ዓላማቸው ሙግት ሳይሆን የሕንዶችን ሐሳብ እነሱ እንደሚሉት ማቅረብ መሆኑን ገልጸዋል። እምነታቸውን አልተቀበሉም፤ ግን አላጣመሙባቸውም።

አንድ ምሳሌ

ክፍሉ «በለቅሶ ጊዜ ምግብ የማዘጋጀት ኃላፊነት የማን ነው?» በሚል ርዕስ ተከራከረ እንበል። አንደኛው ቡድን የጎረቤት ነው ይላል። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ) በሙእታ ዘመቻ ሸሂድ በሆኑ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለቤተሰባቸው ምግብ እንዲሠራ ማዘዛቸውን፣ ምክንያቱም ሐዘንተኛ በራሱ ጉዳይ የተጠመደ መሆኑን ይጠቅሳል። ሁለተኛው ቡድን በኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ዘንድ ቤተሰቡ በአርባኛው ቀን የሚያወጣውን ተዝካር ያነሣል። ዓላማው ለሟች ነፍስ ጸሎት እንዲደረግና ድሃ እንዲበላ መሆኑን ያስረዳል።

እዚህ ላይ ሁለቱም ሊሳሳቱ ይችላሉ። አንዱ ተዝካርን «ወጪ ማብዛት ብቻ» ካለ ባህሉን አላወቀውም። ሌላው «ሙስሊሞች ለሟች ምንም አያደርጉም» ካለ ዱዓንና ሰደቃን ዘንግቷል። ጠለቅ ብለው ሲጠይቁ ግን ልዩነቱ መጀመሪያ ካሰቡት ቦታ ላይ አለመሆኑን ያያሉ። በክርስቲያኑም ሰፈር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምግብ የሚያመጣው ጎረቤት ነው፤ ድንኳንና ወንበር የሚያቀርበው እድር ነው። በብዙ ከተሞች እድሩ ራሱ የሙስሊምና የክርስቲያን የጋራ ነው። በአንዳንድ አካባቢ ደግሞ ሙስሊም ሐዘንተኞችም በተወሰኑ ቀናት አርደው ያበላሉ፤ ብዙ ዑለማዎች ይህን ይነቅፋሉ።

ከዚህ የምንማረው ዋናው ነገር ይህ ነው፦ የእኛን ኪታብ ከሌላው ሰፈር ጋር አናነጻጽር። ትምህርት ከትምህርት፣ ኑሮ ከኑሮ ጋር ይነጻጸር። አለበለዚያ ሚዛኑ ገና ከመነሻው ያዘነበለ ነው።

አካሄዱ

1. ርዕሱ ልማድ ይሁን፤ ዐቂዳ አይሁን። እምነት በክፍል ድምፅ ብልጫ አይወሰንም። ልማድ (ዑርፍ) ግን ይመረመራል፤ ፉቀሃዎችም ሸሪዓን እስካልተቃረነ ድረስ ቦታ ይሰጡታል።

2. ጎን በዕጣ ይከፈል። የማያምንበት ጎን የደረሰው ወንድም ወይም እህት «የባህሉ ባለቤቶች እንዲህ ይላሉ» ብሎ ያቅርብ። ሐሳብን በታማኝነት ማስረዳት ሐሳቡን መቀበል አይደለም።

3. ባለቤቱ ይጠየቅ። ከኢንተርኔት በፊት የዶርም ጓደኛን፣ የሰፈር ሽማግሌን፣ እናትን እንጠይቅ።

4. ከመመለስ በፊት ይደገም። ተከራካሪው የሌላውን ሐሳብ በራሱ ቃል ይናገር፤ ባለቤቱ «አዎ፣ እንዲህ ነው የምንለው» ካለ በኋላ ብቻ መልስ ይስጥ። በሎጂክ ኮርስ «ስትሮው ማን» የተባለውን ስሕተት የሚዘጋው ይህ ነው።

5. በመጨረሻ አሸናፊ አይታወጅ። ሰሌዳው ላይ ሦስት ነገር ይጻፍ፦ የሚያመሳስለን፣ የሚለየን፣ ገና ያልገባን።

ማጠቃለያ

ከላይ የጠቀስናቸው ጃዕፈር (ረ.ዐ) በነጃሺ ፊት ቆመው ነበር። የቁረይሽ መልእክተኞች ስደተኞቹ እንዲሰጧቸው ጠየቁ፤ ነጃሺ ግን የሌላውን ወገን ቃል ሳይሰሙ አልፈረዱም። በማግስቱ ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ) ሲጠየቁ ጃዕፈር ለመወደድ ብለው የሚያምኑበትን አልደበቁም፤ ንጉሡንም አልዘለፉም። የክፍል ክርክር ከእኛ የሚፈልገው እነዚህን ሁለት አደቦች ነው፦ እንደ ነጃሺ ሰምቶ መፍረድ፣ እንደ ጃዕፈር ሳያፍሩና ሳይሳደቡ መናገር። በሚቀጥለው የክፍል ክርክር ዕጣው ከማናውቀው ባህል ጎን ቢያቆመን ጎን ለመቀየር አንለምን፤ የዚያን ባህል ልጅ ፈልገን እንጠይቅ።

ወላሁ አዕለም።