የቤት ሠራሽ አምፕሊፋየር ስንት በመቶ ያዛባል?

በኤልኤም386 ቺፕ የሠራሁትን አምፕሊፋየር የምለካው በላፕቶፔ የድምፅ ካርድ ነው። ንጹሕ የ1,000 ኸርዝ ሳይን ሞገድ አስገባለሁ፤ በስፒከሩ ቦታ ባለ 8 ኦም ሬዚስተር እተካለሁ። የሚወጣው ቮልቴጅ ካርዱን እንዳይጎዳ፣ በሌሎች ሁለት ሬዚስተሮች አሳንሼ ወደ ካርዱ መግቢያ እመልሰዋለሁ።

አምፕሊፋየሩ ካዛባ፣ በስፔክትረሙ ላይ በ2,000፣ በ3,000 ኸርዝና ከዚያም በላይ ያላስገባሁት ምልክት ብቅ ይላል። የእነዚህ ድምር ከዋናው በ60 ዲሲቤል ካነሰ መዛባቱ 0.1 በመቶ ነው።

ነገር ግን ካርዱም ራሱ ያዛባል። ስለዚህ አስቀድማችሁ መውጫውንና መግቢያውን በኬብል አገናኝታችሁ ካርዱን ብቻውን ለኩት። የቺፑ ሰነድ በ6 ቮልትና በ125 ሚሊዋት 0.2 በመቶ ይላል፤ ካርዱም ያንኑ ያህል ካሳየ፣ ያዛባው የትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም።