ለብስክሌት ነጂ የሚስማማው ገመድ አልባ ማዳመጫ የትኛው ነው?

የሰው ዓይኖች ከፊት የተተከሉ በመሆናቸው ከኋላ የሚሆነውን አያዩም። መኪና አሽከርካሪ ይህን ጉድለት በመስታወት ይሞላዋል። አብዛኛውን ጊዜ መስታወት የሌለው ብስክሌት ነጂ ግን ከኋላው የሚመጣውን የሚያውቀው በጆሮው ነው። ስለዚህ ለብስክሌት ጉዞ ማዳመጫ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው «ሙዚቃውን ምን ያህል አጥርቶ ያሰማል?» ብሎ ሳይሆን «የመንገዱን ድምፅ ምን ያህል ያሳልፋል?» ብሎ ነው።

ጥያቄው ቆቦ ላይ ይበልጥ ይከብዳል። ከወልድያ ተነሥቶ ጎብዬንና ሮቢትን አልፎ ቆቦ የሚደርሰው ዋና መንገድ፣ ወደ ዋጃና አላማጣ ሲቀጥል የራያን ሜዳ ሰንጥቆ ያልፋል። ሜዳው ለብስክሌት የተዘጋጀ ይመስላል፤ ዳገት አያስለፋም። ይሁን እንጂ ይኸው መንገድ አዲስ አበባን ከመቀሌ የሚያገናኝ በመሆኑ ተሳቢ የሚጎትቱ ከባድ መኪኖች፣ ኢሱዙዎች፣ ሚኒባሶችና ባጃጆች ከከብትና ከግመል ጋር ይጋሩታል። ቀጥ ያለው መንገድ ደግሞ አሽከርካሪውን ለፍጥነት ይጋብዘዋል። (ግመል ክላክስ እንደማያሰማም አይዘነጋ።)

ነገሩን በአኃዝ እንመልከት። አንድ ብስክሌት በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር፣ ከኋላው የሚመጣ የጭነት መኪና ደግሞ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ይጓዛሉ እንበል። በመካከላቸው ያለው ርቀት በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይጠባል። ነጂው መኪናውን በ100 ሜትር ርቀት ላይ ቢሰማው ለመወሰን 6 ሰከንድ ያህል ያገኛል። አሁን ማዳመጫው ከውጭ የሚገባውን ድምፅ በ12 ዴሲቤል ቀነሰው፤ በውስጡ ያለው ሙዚቃ ግን እንደ ነበረ ቀጠለ እንበል። ገላጣ በሆነ ቦታ ከአንድ ምንጭ የሚወጣ ድምፅ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር በ6 ዴሲቤል ገደማ ስለሚደክም፣ የጠፋውን 12 ዴሲቤል ለማካካስ መኪናው ወደ ሩብ ርቀት መቅረብ አለበት። ስለዚህ ነጂው የሚሰማው 25 ሜትር ሲቀረው ነው። 6 ሰከንድ የነበረው ጊዜ አንድ ሰከንድ ተኩል ሆነ ማለት ነው። 12 ዴሲቤል ደግሞ የተጋነነ ቁጥር አይደለም፤ በደንብ የገጠመ የሲሊኮን ጫፍ ያለው ማዳመጫ በተለይ ቀጫጭን ድምፆችን ከዚህም በላይ ይቀንሳል።

«አንዱን ጆሮ ብቻ ብደፍንስ?» የሚል መፍትሔ ብዙ ጊዜ ይሰማል። ሆኖም ጆሮዎቻችን ሁለት የሆኑት ያለ ምክንያት አይደለም። ከቀኝ የመጣ ድምፅ ግራ ጆሮ የሚደርሰው ጥቂት ዘግይቶ ነው፤ መዘግየቱ ቢበዛ ከ0.7 ሚሊ ሰከንድ አይበልጥም፤ አንጎል ግን ይህችን ቅንጣት ጊዜ ለክቶ አቅጣጫውን ያውቃል። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ሬይሊ እ.ኤ.አ. በ1907 እንዳስረዳው ወፍራም ድምፆችን በዚህ የጊዜ ልዩነት፣ ቀጫጭኖቹን ደግሞ ጭንቅላታችን በሚጥለው የድምፅ ጥላ እንለያቸዋለን። ድምፁ ከፊት ይሁን ከኋላ የሚነግረን በአመዛኙ የውጭ ጆሮ እጥፋት ነው። አንዱን ጆሮ የደፈነ ሰው መኪና መኖሩን ሊሰማ ይችላል፤ በየት በኩል እንደሚመጣ ግን ይደናገረዋል። ብስክሌተኛ ተደናግሮ የሚሸሸው ደግሞ ወደ መንገዱ መካከል ሊሆን ይችላል።

የውድድር ብስክሌተኞች በጆሯቸው የሬዲዮ መስሚያ ማድረጋቸውን ምሳሌ የሚያደርጉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ተወዳዳሪ የሆነውን ጽጋቡ ግርማይን የመሰሉ ባለሙያዎች ግን የሚጋልቡት ለሌላ ተሽከርካሪ በተዘጋ መንገድ ላይ ነው። የቆቦና የአላማጣ መንገድ ለማንም አይዘጋም።

በገበያ ላይ ካሉት ዓይነቶች ለዚህ አገልግሎት እጅግ የማይስማማው በብዙ ገንዘብ የሚሸጠው ድምፅ አምካኝ ማዳመጫ ነው። ይህ መሣሪያ የውጩን ድምፅ በማይክሮፎን ተቀብሎ ተቃራኒውን ሞገድ ያመነጫል፤ ሁለቱ ሞገዶች ሲገናኙ ይጠፋፋሉ። ዘዴው በተለይ የሚሠራው ከ1000 ኸርዝ በታች በሆኑ ወፍራምና ተከታታይ ድምፆች ላይ ነው። የከባድ መኪና ሞተር ጉርምርምታ ደግሞ በትክክል እንዲህ ያለ ድምፅ ነው! በአውሮፕላን ውስጥ ዕረፍት የሚሰጠው ጥበብ በመንገድ ላይ ማስጠንቀቂያውን ለይቶ ይደመስሳል።

አንዳንዶቹ ማዳመጫዎች የውጩን ድምፅ በማይክሮፎን ተቀብለው መልሰው ወደ ጆሮ የሚያስገቡበት «አሳላፊ» ስልት አላቸው። በእግር ለሚሄድ ሰው ይጠቅማል። በብስክሌት ላይ ግን ነፋሱ ማይክሮፎኗን እየመታ ሹሹታውን አጉልቶ ያስገባል። ከዚህም የከፋው ባትሪው ሲያልቅ ነው፤ አሳላፊው በቅጽበት ተራ የጆሮ መድፈኛ ይሆናል።

የተሻለው ምርጫ የጆሮን ቀዳዳ ክፍት የሚተው ነው። ከእነዚህም አንዱ ድምፅን በአጥንት የሚያስተላልፈው ማዳመጫ ሲሆን፣ ከጆሮ ፊት ለፊት ባለው የጉንጭ አጥንት ላይ ተደግፎ ይንቀጠቀጣል፤ ንቅጥቅጡም በራስ ቅል በኩል የቀንድ አውጣ ቅርጽ ወዳለው የውስጥ ጆሮ ክፍል፣ ወደ ኮክሊያ ይደርሳል። ይህን ለማመን መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም። ሁለቱንም ጆሮዎች በጣት ደፍኖ ቆሎ መቆርጠም ይበቃል፤ የሚሰማው ነጎድጓድ በአብዛኛው በአጥንት የመጣ ነው። ሌላው ዓይነት ትንሽ ድምፅ ማጉያውን ከጆሮው አጠገብ የሚያንጠለጥለው ነው። ሁለቱም ወፍራም ድምፅ ላይ ደካሞች ስለሆኑ የሙዚቃውን ምት አድማቂ ለሚሻ ሰው አያረኩም። የብረት ቁር የሚያደርግ ወይም መነጽር የሚያጠልቅ ሰውም ከመግዛቱ በፊት አብረው መመቸታቸውን ቢሞክር ይበጀዋል።

እዚህ ላይ ሻጮች የማይናገሩት አንድ ነገር አለ። ጆሮው ክፍት ነው ማለት መንገዱ ሁልጊዜ ይሰማል ማለት አይደለም። ጌኦርግ ፎን ቤኬሺ እ.ኤ.አ. በ1932 በአየር የመጣን ድምፅ በአጥንት በተላለፈ ተመሳሳይ ድምፅ ማጥፋት እንደሚቻል አሳይቶ ነበር። ሁለቱም መንገዶች የሚያበቁት በአንዱ ኮክሊያ ውስጥ ነውና። ከዚህ የምንረዳው በአጥንት የሚመጣ ከፍተኛ ሙዚቃም የመኪናውን ድምፅ ሊሸፍነው እንደሚችል ነው። ክፍቱ ማዳመጫ የሚጠቅመው ድምፁ ዝቅ ሲል ብቻ ነው።

ድምፁን ከፍ እንድናደርግ የሚገፋፋን ደግሞ ነፋሱ ነው። በብስክሌት ፍጥነት በውጭ ጆሮ ዙሪያ የሚታወከው አየር የሚፈጥረው ድምፅ ከ80 ዴሲቤል ሊያልፍ ይችላል፤ ሙዚቃው ከዚህ በላይ እንዲሰማ የሚፈልግ ሰው መኪናውን ከመሸፈኑም ሌላ ጆሮውን ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው ልክ 80 ዴሲቤል በሳምንት ለ40 ሰዓት ነው፤ ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። 89 ዴሲቤል ላይ የሚተርፈው 5 ሰዓት ብቻ ነው። ንግግር ከሙዚቃ ይልቅ በዝቅተኛ ድምፅ ሊደመጥ ይችላል የሚሉ ቢኖሩም፣ በነፋስ ውስጥ ቃላትን ለመለየት የሚደረገው ጥረት ሐሳብን ከመንገዱ እንደሚወስድ ጸሐፊው ያምናል።

ቆቦ ቆላማና አቧራማ ስለሆነች በካርቶኑ ላይ ያለውን ምልክት ማንበብ ያስፈልጋል። «አይፒ» ከሚለው ቀጥሎ ሁለት ቦታዎች አሉ፤ የመጀመሪያው አቧራን፣ ሁለተኛው ውኃን ይመለከታል። «አይፒኤክስ4» የሚለው እጅግ የተለመደ ምልክት ከውኃ ፍንጥቅጣቂ መከላከሉን ይናገራል እንጂ ስለ አቧራ አንዳች አይናገርም፤ «ኤክስ» ማለት ለዚያ ጉዳይ ደረጃ አልተሰጠውም ማለት ነው። ለራያ ሜዳ «አይፒ55» የተሻለ ነው። ላብ ደግሞ ጨው አለበትና ከጉዞ በኋላ መጥረግ፣ በፀሐይ የጋለውንም ሳይበርድ ቻርጅ አለማድረግ ያስፈልጋል።

ቤት ውስጥ ያልተቆራረጠ ድምፅ ሜዳ ላይ ሲቆራረጥ ተበላሸ ብለው የሚመልሱ አሉ። ብሉቱዝ የሚሠራበትን 2.4 ጊጋ ኸርዝ ሞገድ በአመዛኙ ውኃ የሆነው ሰውነታችን ይውጠዋል። በክፍል ውስጥ ሞገዱ ከግድግዳ ነጥሮ በሌላ በኩል ይደርሳል፤ በገላጣ ሜዳ ላይ ግን የሚያነጥረው የለም። ስልኩን ተቀባዩ ባለበት ጎን፣ በላይኛው ኪስ ማድረግ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነች ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች እየተበራከቱ ናቸው። እነዚህ የሞተር ጉርምርምታ የላቸውም፤ ፍጥነት ሲጨምሩ የሚሰማው በ1000 ኸርዝ አካባቢ የሚጎላው የጎማቸው ድምፅ ነው። የሲሊኮኑ መድፈኛ በደንብ የሚያስቀረው ደግሞ ይህን ዓይነቱን ድምፅ ነው።

የተገዛውን ማዳመጫ ለመፈተን አንድ ጓደኛ ይበቃል። ነጂው ብስክሌቱን አቁሞ ማዳመጫውን ያድርግ፤ ጓደኛው ከኋላ በ10 እርምጃ ርቀት፣ አንድ ጊዜ በቀኝ አንድ ጊዜ በግራ ሆኖ በተለመደ ድምፅ ቁጥር ይጥራ። ነጂው ቁጥሩን ደግሞ፣ ሳይዞር አቅጣጫውን በእጁ ያመልክት። ሁለቱንም ሳይሳሳት የሚመልስበት ከፍተኛው የድምፅ ልክ ለቆመ ብስክሌት የሚሆን ጣሪያ ነው። በጉዞ ላይ ከዚያ ዝቅ ማለት፣ ከተማ ሲገቡ ወይም የተሳቢ ሰልፍ ሲያጋጥም ደግሞ ጨርሶ ማጥፋት ያስፈልጋል።