የእሽቅድምድም ካምቢዮና የቦሌ አየር

ከቦሌ ወደ መገናኛ በታክሲ የሄዱ እንደ ሆነ፥ ሾፌሩ ግራ እግሩን ሥራ አስፈትቶ በቀኝ እግሩ ብቻ ሲነዳ ሳያዩ አይቀሩም። መኪናው አውቶማቲክ ነው፤ ማርሹን የሚቀይርለት የዘይት ግፊት ነው። ይህ ዘይት ምን እንደሚሠራ፥ ሲቃጠልስ ስለ ምን የአንድን ወጣት ሠራተኛ የዓመት ቁጠባ ይዞ እንደሚሄድ ለማወቅ ከፈለጉ፥ ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምሩን የአሜሪካ ተሽቀዳዳሚዎች ናቸው።

«ድራግ» የሚባለው እሽቅድምድም ለዐይን ቀላል ነው። ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ መብራቱ ሲበራ 402 ሜትር ያህል በቀጥታ መንገድ ይወነጨፋሉ፤ ቀድሞ የደረሰው ያሸንፋል። ጨዋታውን ከሕዝብ ጎዳና አውጥቶ ወደ ተከለለ ሜዳ ለማስገባት እ.ኤ.አ. በ1951 በካሊፎርኒያ አንድ ብሔራዊ ማኅበር ተቋቋመ። በሌሊት በቦሌ ጎዳና ፍጥነቱን መሞከር የሚያምረው ጎረምሳ ይህን ቢያስብበት መልካም ነው፤ በዚያ ሰዓት ከሥራ ወጥቶ መንገድ የሚሻገር ሰው አለና።

አውቶማቲክ ካምቢዮ የተፈጠረው ለውድድር አልነበረም። ጄኔራል ሞተርስ ሃይድራማቲክ የተባለውን በ1940 ሞዴል ኦልድስሞቢል ላይ ያወጣው፥ ፍሪሲዮን መርገጥ ለሰለቸው ደንበኛ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም በታንክ ላይ አገለገለ። ሰው ፍሪሲዮን ረግጦ ማርሽ ሲቀይር የሞተሩ ኀይል ለቅጽበት ይቋረጣል፤ አውቶማቲኩ ግን ሳያቋርጥ ያሳልፋል። ተሽቀዳዳሚዎቹን የማረካቸው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1950 እስከ 1973 የተሠራው የሸቭሮሌ ፓወርግላይድ ሁለት ወደፊት ማርሽ ብቻ ያለው ሽማግሌ ሲሆን፥ ቀላልና ጠንካራ በመሆኑ ዛሬም በእሽቅድምድም ሜዳ ይፈለጋል።

እስቲ ውስጡን እንክፈተው። ከሞተሩ ቀጥሎ ቶርክ ኮንቨርተር የሚባል፥ ዘይት የሞላው ድስት መሳይ ዕቃ አለ። (ካምቢዮ፥ ፍሪሲዮን፥ ማርሽ፥ ጎሚኒ፥ የጋራዣችን ቋንቋ ጣሊያንኛ ነው፤ ይህ ዕቃ ግን ዘግይቶ ስለ መጣ የእንግሊዝኛ ስሙን እንደ ያዘ ቀረ።) በድስቱ ውስጥ መዘውሮች ፊት ለፊት ይቆማሉ። ሞተሩ አንዱን ሲያሽከረክር፥ የሚወረወረው ዘይት ወንዝ የወፍጮን መዘውር እንደሚያዞር ሌላውን ያዞረዋል። ከዚያ ወዲያ ጥርሶቹ አሉ። የትኛው ጥርስ እንዲሠራ የሚወስኑት፥ ከብረት ዝርግ ጋር እየተፈራረቁ የተደረደሩ የፍሪሲዮን ሸራዎች ናቸው። የዘይቱ ግፊት ከበቃ ሸራው ጨብጦ ይይዛል። ካልበቃ ይንሸራተታል፤ መንሸራተቱ ሙቀት ይወልዳል፤ ሙቀቱ ዘይቱን ያቃጥላል፥ ጎሚኒውንም ያደርቃል፤ በደረቀው ጎሚኒ ግፊቱ ያመልጣል፤ ሸራው ይባሱን ይንሸራተታል። ካምቢዮ የሚሞተው በዚህ አዙሪት ነው።

ለእሽቅድምድም የሚያድሰው መካኒክ አዙሪቱን ገና ከመነሻው ይቆርጠዋል። ካምቢዮውን አውርዶ ይፈታል፥ ያጥባል፥ በዝርጎቹና በሸራዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት በሚሊሜትር ክፍልፋይ ይለካል። ጎሚኒውን ሁሉ ይለውጣል፤ የተሻለ ሸራ ያስገባል፤ ቦታ ከተገኘም ቁጥሩን ይጨምራል። ዘይቱን በየቦዩ የሚያከፋፍለውን ክፍል አስተካክሎ ግፊቱን ከፍ ያደርጋል፤ ተጨማሪ የዘይት ማቀዝቀዣም ይገጥማል። እንግዲህ ማርሹ ሲለወጥ ጀርባን ይመታል። የፋብሪካው መሐንዲስ የተሳፋሪውን ምቾት በጥቂት መንሸራተት ገዝቶት ነበር፤ ተሽቀዳዳሚው ይህን ንግድ አይቀበልም። አንዳንዱም አንደኛ ማርሽንና የኋላ ማርሽን በአንድ ጊዜ አስጨብጦ መኪናውን እያስጮኸ በቦታው ያቆመዋል፤ ቁልፉን ሲለቅ የኋላው ይላቀቅና መኪናው እንደ ቀስት ይወረወራል።

ቦሌ ላይ ግን የአሜሪካ መጽሐፍ ብቻውን አይበቃም። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳር በሩብ ያህል ያንሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም ከአምስት እጅ አንድ እጅ ያህል ኀይሉን ያጣል። ይህ ኮንቨርተሩን ያዛባዋል። መኪናው በፍሬን ተይዞ ነዳጅ ሲረገጥ ሞተሩን በደቂቃ 3,500 ዙር ድረስ እንዲለቅ ለባሕር ዳር የተሠራ ኮንቨርተር፥ እዚህ 3,100 ገደማ ላይ ይይዘዋል። ባለቤቱ መኪናው ሲነሣ ቢያዘግምበት መካኒኩን ይረግማል፤ ጥፋቱ ግን የአየሩ ነው። ስስ አየር ሙቀትንም አጥርቶ አይሸከምም፤ ስለዚህ ማቀዝቀዣው ለዚህ አገር ሰፋ ማለት አለበት።

እርስዎ በእቁብ የገዙት አሮጌ ኮሮላ 402 ሜትር አይሽቀዳደምም ይሆናል። በገርጂና በመገናኛ ሰልፍ እየቆመ እየተነሣ ግን ያንኑ ሙቀት ይቀምሳል። በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ፥ ያለው ካምቢዮ ታድሶ መኖር አለበት። አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች በአንድ ማርሽ ብቻ ስለሚሄዱ ይህ ሁሉ ጣጣ የለባቸውም፤ ዋጋቸው ለደመወዝተኛ ሌላ ጣጣ ነው እንጂ።

አሮጌ አውቶማቲክ ሲገዙ ታዲያ ከቀለሙና ከወንበሩ በፊት የካምቢዮውን ዘይት ይመልከቱ። መለኪያ ዘንግ ያለው ከሆነ በነጭ ጨርቅ ላይ ያንጠባጥቡት፤ ቀይና ጥሩ ከሆነ ደግ ነው፤ ጠቁሮ የተቃጠለ ነገር ከሸተተ ሸራው ተንሸራትቷል ማለት ነው። መኪናው ሲቪቲ የሚባለው እንደ ሆነም ይጠይቁ፤ ብዙዎቹ የኋለኞቹ ቪትዞች እንዲህ ናቸው። ሲቪቲ በማርሽ ጥርስ ፈንታ በሁለት መዘውሮች መካከል የሚሮጥ የብረት ቀበቶ ያለው ሲሆን፥ ዘይቱም የራሱ ነው። የተለመደውን ቀይ ዘይት የሚሞላበት ጋራዥ ካጋጠመዎት፥ ቁልፍዎን ተቀብለው ይውጡ።